ብስባሽ ያልገባበት መደብ

ችግኞቹ መውደቅ የጀመሩት በነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረበት ማግስት ነው። ገሠሠ የላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ ወደ ችግኝ ጣቢያው ሲወርድ በወንዙ በኩል ያለው የመጨረሻው መደብ ከሩቅ የተለየ መሰለው። ቀረብ ብሎ አየው። ትናንት ቀጥ ብለው የነበሩት የቲማቲም ችግኞች በአንደኛው ጥግ ሰው የተቀመጠባቸው ይመስል ተጋድመዋል። ቁጢጥ ብሎ አንዱን በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገው። ቅጠሉ ገና ለምለም ነው። አንገቱ ግን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ጠቁሮና ቀጥኖ የራሰ ክር መስሏል።

ዘወር ብሎ ሌሎቹን መደቦች አንድ በአንድ ተመለከተ። አንድም የወደቀ ችግኝ የለም።

ያን ጊዜ የተሰማው ደስታ ነበር። ብቻውን ፈገግ አለ።

“ምኑ ነው የሚያስቅህ?” የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ጉዲቱ ነበረች፤ ከወለንጪቲ መጥታ በችግኝ ጣቢያው ብዙ ዓመት የሠራች፣ በእድሜ እናቱ የምትሆን ሴት። አካፋዋን ተደግፋ የወደቁትን ችግኞች ትመለከታለች። “ሰው ሰብል ሲሞትበት ያለቅሳል እንጂ ይስቃል እንዴ?”

“አዴ ጉዲቱ፣ ይዩት እስቲ። ብስባሽ ያልገባበት ብቻ ነው የወደቀው። የገባበት ሁሉ ቆሟል።”

“አየሁ።”

“ዓምና ገብረኪዳን ያለው እውነት ነው ማለት ነው። አፈሩ ነው የታመመው። ሰው አይደለም።”

ጉዲቱ ወደ ቢሮዎቹ የሚወስደውን፣ ግራና ቀኙ ኖራ በተቀቡ ድንጋዮች የተሰለፈውን መንገድ አየት አደረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ያኛው ሰውዬ መጥቶ ሲያየው ምን ልትለው ነው?” አለችው።

ገሠሠ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን አላሰበበትም ነበር።

* * *

የመንግሥት እርሻው ከናዝሬት ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ፣ አዋሽ ዳር ነው። ዓምና በዚሁ ወር፣ በዚሁ የመጨረሻ መደብና በዙሪያው ላይ የፈላው የበርበሬ ችግኝ በሙሉ እንዲህ ወድቆ አለቀ። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ገብረኪዳን በሽታ ነው፣ አፈሩ ውስጥ ፈንገስ አለ ብሎ ተናገረ፤ በስብሰባም ደጋግሞ ተናገረ። የሰማው የለም። የእርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አስፋው ተነሥቶ፣ አንድ ሙሉ ተክል በሳምንት ውስጥ በራሱ አይሞትም፣ የገደለው ሰው አለ አለ። አሻጥር የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ስለ አፈር የሚያወራ ሰው አልተገኘም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገብረኪዳን በእርሻው ላንድሮቨር፣ ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ወደ ናዝሬት ተወሰደ። ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ነጭ ጋዋኑን አውልቆ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀለው። ጋዋኑ አሁንም እዚያው ነው። የነካው የለም።

ገሠሠ የእሱ ረዳት ነበር። አሁን በእሱ ቦታ ላይ ነው።

ዘንድሮ የፈንገስ መድኃኒቱ ከአሰብ ተነሥቷል ተብሎ ከግንቦት ጀምሮ ይጠበቃል፤ አልመጣም። ገሠሠ በትምህርት ቤት ሳለ አንድ መምህር፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ውስጥ ያሉ ሕይወት ያላቸው ነገሮች በአፈር ውስጥ ያለውን ፈንገስ ምግቡን እየተሻሙ ያዳክሙታል ሲሉ ሰምቷል። አምኖ አልነበረም። ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ግን ሞከረው። የከብት እበት ከመንደሩ ለመኑ፤ ጭድ፣ የግራር ቅጠል፣ የስኳር ፋብሪካው የአገዳውን ጭማቂ አጣርቶ የሚጥለውን ጥቁር ጭቃ ጨመሩ። ከግራሩ ሥር ደራርበው ከመሩት፣ በአሮጌ ጆንያ ሸፈኑት። መሐሉ ላይ አንድ ረጅም የብረት ፌሮ ሰክተው ጠዋት ጠዋት መዘዝ እያደረጉ በመዳፍ ይነኩታል። ፌሮው እጅ የሚያቃጥል ሲሆን ክምሩን ያገላብጡታል፤ ይበርዳል፣ እንደገና ይግላል። ጉዲቱ ሽታውን እየተከተለች፣ “ገና ነው፣ እበቱ ይናገራል” ትል ነበር። አንድ ቀን ግን እፍኝ አንሥታ አሸተተችና፣ “ይኼ አሁን የጫካ አፈር ነው” አለች። ያን ጊዜ መደቦቹ ላይ አገቡት።

አንዱን ግን ተዉት። ሁሉም ላይ ቢያገባና ሁሉም ቢያምር የሚባለውን ገሠሠ ያውቀዋል። ገብረኪዳን ሄደ፣ በሽታውም አብሮት ሄደ ይባላል። የዘንድሮው ልምላሜ በዓምናው ሰውዬ ላይ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ የገብረኪዳን በርበሬ ያለቀበትን የወንዝ ዳሩን መደብ መርጦ ያለ ብስባሽ ተወው፤ ከሌላው ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ከረጢት ዘር ዘራበት። መሬቱ ራሱ ይናገር ብሎ ነበር።

መሬቱ ተናገረ።

* * *

አስፋው የመጣው በማግስቱ ነው። ካኪ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ጭቃውን እየመረጠ እየረገጠ መጣ። በመስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበራል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቡድን እርሻውን ይጎበኛል ተብሏል። በዚህ ምክንያት ሰውየው ከሳምንት ወዲህ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ዐይኑ ቀልቷል።

የመጨረሻው መደብ ላይ ሲደርስ ቆመ። አሁን ግማሹ ወድቋል።

“ይኼ ምን ሆኖ ነው?”

“በሽታ ነው፣ ጓድ አስፋው። ከአፈር የሚነሣ የፈንገስ በሽታ ነው።”

“ሌላው ለምን አልታመመም?”

“ሌላው ላይ ብስባሽ አግብተንበታል። የበሰለ ብስባሽ በሽታውን ይከላከላል።”

አስፋው የቆሙትን መደቦች በዐይኑ አዳረሰ። ለአንድ አፍታ ፊቱ ፈታ አለ። “ስለዚህ መድኃኒቱን አግኝተኸዋል ማለት ነው።”

“ይመስለኛል።”

“ታዲያ እዚህኛው ላይ ለምን አላደረግህበትም?”

“ለማነጻጸር ነው። ያለ ብስባሽ የሚሆነውን ካላየን ብስባሹ መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ አንችልም።”

“ያለ ብስባሽ እንደሚሞት ታውቅ ነበር?”

“እጠረጥር ነበር።”

“ትጠረጥር ነበር።” አስፋው ቃሉን ቀስ ብሎ ደገመው። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ይብስ አስፈራ። “ገብረኪዳን ዓምና አላወቅሁም፣ ድንገት ደረሰብኝ ብሎ ምሎ ነበር። አንተ ግን አውቀህ ነው የተውከው። መድኃኒቱ በእጅህ እያለ።”

“አንድ መደብ ብቻ ነው፣ ጓድ አስፋው።”

“ያንተ ነው?”

“አይደለም።”

“የሕዝብ ነው። አንድም ይሁን አሥር።” ዘወር ብሎ ከግራሩ ሥር ያለውን ክምር አየ። ጆንያው ሥር ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይወጣል። “ያ ምንድን ነው?”

“የተረፈው ብስባሽ ነው።”

“ተርፏል እንኳ!” አለ አስፋው። የሚስቅ መስሎ ነበር፤ አልሳቀም። “እንግዶቹ እስኪመጡ ይኼን መደብ ማንም እንዳይነካው። እንዳለ ይዩት። ከዚያ በኋላ እኔና አንተ እንነጋገራለን።”

ገሠሠ ስለ ገብረኪዳን ሊናገር ያሰበው ሁሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ሰውየው ጭቃውን እየመረጠ ሲሄድ ከኋላው ቆሞ አየው። እጁ ውስጥ የወደቀ ችግኝ ይዞ ኖሯል፤ ሳያውቀው ጨምቆት መዳፉ አረንጓዴ ሆኗል።

“ነቅለን ብስባሽ እናግባበት፤” አለች ጉዲቱ አስፋው ከዐይን ሲጠፋ። “ከሌላው ቀንሰን እንተክልበታለን። በሦስት ቀን ማን ያውቀዋል?”

“አይቶታል እኮ፣ አዴ ጉዲቱ። አሁን ብነካው ደግሞ ማስረጃ አጠፋ ይለኛል።”

“ዋቃዮ!” ብላ ፈጣሪዋን ጠራች። አካፋዋን መሬት ላይ ተከለችው። “እንዳይነካም፣ እንዳይተውም። ሰው ታዲያ በየት በኩል ይውጣ?”

* * *

በማግስቱ ጠዋት መደቡ ዘበኛ ቆሞበት አገኙት። ወዬሳ ይባላል፤ በሚሊሺያነት ኦጋዴን ዘምቶ ትንሽ እያነከሰ የተመለሰ፣ ሳቂታ ሰው ነው። አሮጌ ጠመንጃውን አንግቶ፣ የሞቱትን ችግኞች እየጠበቀ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሲሰለቸው ወደ ለምለሞቹ መደቦች ይሻገራል፤ በመሐላቸው ይንሸራሸራል፤ ጎንበስ ብሎ ቅጠል ይነካል፤ ተመልሶ በሞተው መደብ ጭቃ ውስጥ ይቆማል።

ገሠሠ ከሩቅ አየው። ያ ጭቃ በሽታ የሞላበት ጭቃ ነው። ወዬሳ በወታደር ጫማው ተሸክሞ ወደ ጤነኞቹ እያመላለሰው ነው።

“ወዬሳ፣” አለው ቀርቦ፣ “ከዚህ መደብ ወደ ሌላው ስትሻገር ጫማህን እዚህ ባልዲ ውስጥ እጠበው፣ እባክህ።”

“ምነው ጋሼ፣ ልሰግድ ነው እንዴ?”

“ጭቃው በሽታ አለው።”

“ይኼ ጫማ ስንት ፈንጂ ዘሎ የመጣ ጫማ ነው፤ ጭቃ ምን ያደርገዋል?”

“ጫማውን አይደለም። ችግኙን ነው።”

ወዬሳ ሳቁን ተወ። ባልዲውን አየ፣ ገሠሠን አየ። “ጓድ አስፋው እዚህ የሚባለውንና የሚደረገውን ሁሉ ንገረኝ ብሎኛል፣ ጋሼ። ይኼንንስ ልንገረው?” አለ። ማስፈራራቱ አልነበረም። የሚሻለው የቱ እንደሆነ በቅንነት እየጠየቀ ነበር።

ገሠሠ ቢነገር የሚባለውን አሰበ። ጥበቃውን ከሥራው ሊያስተጓጉል ፈለገ ይባላል። ጭቃው ላይ በሽታ እንዳለ በምን አወቀ ይባላል።

“ተወው፤” አለው። “አታጥበው።”

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የወዬሳን ዱካ ሲከተል ዋለ። ጤነኞቹ መደቦች ጠርዝ ላይ የጫማው ጥርስ ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ በየዱካው ውሃ አቁሯል። ብስባሹ አንድ ጊዜ ሠርቷል ማለት ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም። በሽታው በጫማ እየተጫነ ሲመጣ ይችለዋል? አያውቅም። ካልቻለው፣ እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ሁሉም ተጋድሞ ይጠብቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ስለ አንድ መደብ አይሆንም።

በማግስቱ ከአንዱ ዱካ አጠገብ ሦስት ችግኞች ወድቀው አገኘ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

“ተነሥ፣” አለችው ጉዲቱ፣ “ዘበኛው ያየሃል።”

“ጀመረ፣ አዴ ጉዲቱ።”

“ተነሥ አልኩህ።”

ሦስቱን ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። የዚያን ዕለት ምግብ አልበላም። ጠዋት ግን በዚያ ቦታ ላይ ሌላ የወደቀ አልነበረም። በሌላውም ዱካ አልነበረም። በሽታው በጫማ መጥቶ፣ ሦስት ገድሎ፣ እዚያው ቆመ። ገሠሠ በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ነገር ለሰው ለመንገር እየሮጠ ይሄድ ነበር።

* * *

ቅዳሜ ዕለት ወደ ናዝሬት ወጣ። ጋሪ ተራው አጠገብ መሰለችን አገኛት። የገብረኪዳን ሚስት ናት፤ ምግቡን በሳህን አድርጋ፣ በፎጣ ቋጥራ፣ ወደ እስር ቤቱ በምትሄድበት ሰዓት እዚያ እንደምትገኝ ያውቃል። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ምግብ ታስገባለች፣ ባዶ ሳህን ትቀበላለች፤ ሰውየውን ግን ፍርድ ቤት ያቀረበው የለም።

ከሰው ገለል አሉ። ንፋሱ የመንገዱን ቆሻሻ ያንከባልላል።

“መደቡ እንዴት ነው?” አለችው፣ ሕመምተኛ እንደሚጠየቅ ዓይነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ስለ መደቡ ገና ሲዘራ ነግሯታል።

“ወድቋል።”

“ሁሉም?”

“አብዛኛው። የቀረውም ሰሞኑን ይወድቃል።”

“ተመስገን!” አለች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። “ይቅር በለኝ። ሰብል ሲጠፋ ተመስገን ይባላል?”

“እኔም ሳየው ስቄያለሁ።”

“ለማን ታሳየዋለህ?”

“እሮብ ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ። የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ አብሯቸው አለ ይባላል። የተማረ ሰው ካየው ይገባዋል።”

መሰለች ዐይኖቹን ትኩር ብላ አየቻቸው። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። “አንተን የሚያገኝህ ነገር አለ እንዴ፣ ገሠሠ?”

“የለም፤” አለ።

“ለእሱ ልንገረው? ምግቡን ሳስገባ አንድ ቃል ማስተላለፍ አያቅተኝም።”

“ንገሪው። እሮብ በይው።”

ሳህኑን በሌላ እጇ ያዘችና ሄደች። አረማመዷ ከወትሮው ፈጠን ያለ ነበር። ገሠሠ ያን ሲያይ፣ ያቺን ቃል ባላልኳት ብሎ ተመኘ።

* * *

እሮብ ጠዋት አስፋው ዕቃ ቤት ድረስ መጣ። ገሠሠን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ “እንዲህ ሆነህ ነው እንግዶች የምትቀበለው?” አለው። ዐይኑ ግድግዳውን ዞረ። “ያን ጋዋን ልበሰው።”

“የእኔ አይደለም፣ ጓድ አስፋው።”

“የእርሻው ነው። ልበሰው።”

ገሠሠ ጋዋኑን ከምስማሩ አወረደው። ምስማሩ ዝጎ የጋዋኑ አንገት ላይ ቀይ ምልክት ትቷል። እጅጌው አጠረው። እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ጣቶቹ ጥቃቅን ጠፍጣፋ ነገሮች ነኩ። አወጣቸው። የደረቀ የበርበሬ ዘር ነበር። መልሶ ከተታቸው፤ እጁን ግን ከዚያ በኋላ ኪሱ ውስጥ አላስገባም።

እንግዶቹ በሁለት ላንድሮቨር መጡ። ዝናብ ያንጠባጥባል። አብዛኞቹ ጭቃውን አይተው በመንገዱ ዳር፣ ኖራ የተቀቡት ድንጋዮች ጋ ቆሙ፤ አንድ ሰው ዣንጥላ ይዞላቸው ከዚያው ሆነው፣ “ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው” አሉ። ወደ መደቦቹ የወረዱት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። አቶ ወልደአማኑኤል ይባላሉ፤ ባለሙያው እሳቸው ነበሩ። ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከተው፣ በመደቦቹ መሐል ቀስ እያሉ፣ በየቦታው እየቆሙ መጡ። አስፋው ከአጠገባቸው አልተለየም።

የመጨረሻው መደብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አሁን በመደቡ ላይ የቆመ ችግኝ የለም፤ ባዶ ጥቁር ጭቃ ላይ የደረቁ ክሮች ተበትነዋል። ከሱ አንድ እርምጃ ርቆ ያለው መደብ ደግሞ ለምለም ነው። ሽማግሌው አጎንብሰው አንዱን ክር አነሡ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ለዐይናቸው አቀረቡት። ከዚያ ለምለሙን መደብ አዩ፤ አፈሩን በጣታቸው ቆንጥረው አሸተቱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ገሠሠ ያውቀዋል። እሱ ራሱ በዚያ የመጀመሪያ ጠዋት ላይ የነበረው ደስታ ነው።

“ልጄ፣” አሉት፣ “ይኼ ማነጻጸሪያ ነው?”

ሳምንት ሙሉ ሲጠብቃት የነበረችው ጥያቄ ይህች ናት። መልሱም አንድ ቃል ነው። አዎ ካለ፣ ዘርዝር ይሉታል፤ ይዘረዝራል፤ ዓምና እዚሁ ላይ የወደቀውን በርበሬም ይጨምራል። ሽማግሌው ያምኑታል፤ አምነውታል እንኳ።

ቀና ሲል ግን መንገዱ ዳር የቆመውን የእርሻውን ላንድሮቨር አየ። የኋላ በሩ ተከፍቶ፣ መቀመጫው ባዶ ነው። አስፋው ከሽማግሌው ትከሻ ጀርባ ሆኖ ያየዋል። ወዬሳ ጠመንጃውን ከግራ ትከሻው ወደ ቀኙ አዛወረ። ጋዋኑ ብብቱ ሥር ያዘው።

“አይደለም፤” አለ ገሠሠ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። “ብስባሹ አልቆብን ነው።”

የሽማግሌው ዐይን ከገሠሠ ወደ ወዬሳ ጠመንጃ፣ ከጠመንጃው ወደ ግራሩ ሥር ሄደ። ክምሩ ከወገብ በላይ ነው፤ በዚያ ብርድ ጠዋት ከጆንያው ሥር እንፋሎቱ ይትጎለጎላል፤ ፌሮው ከመሐሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አዩት። በደንብ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዐይናቸው ላይ አደረጉ።

“አዎ፤” አሉ። “ያልቃል።”

የያዙትን ክር ጭቃው ላይ ጣሉት። ጣታቸውን በመሐረባቸው ጠረጉና፣ ወደኋላ ሳይመለከቱ ወደ መኪኖቹ ወጡ።

* * *

መኪኖቹ ሲሄዱ አስፋው ቀርቶ ነበር። ገሠሠ አጠገብ መጥቶ ቆመና እሱም ክምሩን ማየት ጀመረ።

“አልቆብን ነው አልክ።”

“አዎ።”

“በመንግሥት እንግዳ ፊት።”

ገሠሠ ያጠረውን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አደረገ።

“እኔም አጠገብህ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ዝም ብያለሁ።” አስፋው ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ። “ሽማግሌው አዲስ አበባ ገብተው ምን እንደሚያወሩ አናውቅም። ነገ ሌላ ሰው ቢልኩስ? አልቋል ካልን አልቋል። እስከ ማታ ይለቅ።”

“የት ልውሰደው?”

“እዚያው መደብ ላይ። ነቃቅለህ ጣለውና ገልብጥበት። እንደ አዲስ ዝራው። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን።” ሊሄድ ዞሮ እንደገና ተመለሰ። “እዚህ የተለየ መደብ አልነበረም። ገባህ?”

“ስለ ዓምናው... ስለ ገብረኪዳን...” አለ ገሠሠ።

“ስለ ማን?” አለ አስፋው። የእውነት ያልሰማ ይመስል ጠበቀው። ገሠሠ አልደገመውም።

ክምሩን ሲያነሡ ዋሉ። ጉዲቱ በአንድ ወገን፣ ገሠሠ በአንድ ወገን ባሬላውን ይዘው ይመላለሳሉ። ትኩሱ ብስባሽ ሲገለበጥ እንፋሎቱ ፊታቸውን ይመታል። ወዬሳም ጠመንጃውን ግራሩ ላይ ደገፍ አድርጎ አካፋ ያዘ፤ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም። ጉዲቱ ፌሮውን መዝዛ ስትጥለው፣ “እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው” አለች፤ ይቅርታ እያደረገችለት ይሁን እየረገመችው አልታወቀም።

ዘሩ በዚያ መደብ ላይ በጥሩ ሁኔታ ወጣ። ዝናቡ እስከ መስከረም ድረስ አልለቀቀም ነበር፤ ለበሽታው ከዚያ የሚመች ጊዜ የለም። ገሠሠ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ቁጢጥ ብሎ በየአንገቱ ያያል። አንዲት እንኳ እንድትወድቅ ይፈልጋል፤ ለምን እንደሚፈልግ ግን ለራሱም አይናገርም። አንዲትም አልወደቀችም። በዚያ ሁለት ጊዜ ሰብል በገደለ አፈር ላይ ችግኞቹ ጥቅጥቅ ብለው፣ ወፍራም አንገት አውጥተው ቆሙ። ስለ ብስባሽ ማንም ሊያቀርበው ከሚችለው ማስረጃ ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ የሚታየው ግን ከጎኑ ካሉት የማይለይ አንድ ለምለም መደብ ብቻ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ወደ ናዝሬት ላለመውጣት ብዙ ምክንያት ፈጠረ። ሆኖም ደመወዝ መቀበል ነበረበትና አንድ ቀን ወጣ። መሰለች ጋሪ ተራው አጠገብ ቆማ ነበር። ከዚያች እሮብ ጀምራ በየቀኑ ሳትጠብቀው አልቀረችም። የቋጠረችው ሳህን በእጇ ነው።

“መጥተው ነበር አሉ፤” አለችው።

“መጥተዋል።”

“ባለሙያው አየው?”

“አየው።”

“ምን አለ?”

ገሠሠ የጋሪ ፈረሱን ኮቴ ተመለከተ። ባለጋሪው፣ “አንድ ሰው የቀረ! አንድ ሰው!” እያለ ይጮኻል።

“ምንም አላለም።”

መሰለች ሌላ ነገር እንደማይናገር ሲገባት፣ የመጨረሻ ተስፋዋን እንደያዘች ቀረብ አለችው። “መደቡስ?” አለች። “መደቡ አሁን እንዴት ነው?”

ሊዋሻት ፈለገ። ግን ወንጂ የሚሠሩ ሰዎች በዚያ መንገድ ዳር በየቀኑ ያልፋሉ፤ መደቡ ከመንገድ ይታያል።

“በቅሏል።”

ለአፍታ ያልገባት መሰለ። ከዚያ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ አየው። ገብረኪዳን የሌለበት መሬት ዘንድሮ በቅሏል። ዓምና እሱ እያለ ግን ሁሉም አለቀ።

“እሮብ ብዬው ነበር እኮ፤” አለች።

ሳህኑ በእጇ ዘመም ሲል ወጡ ፎጣውን ማራስ ጀመረ። አላስተዋለችውም። ገሠሠ ሊያቃናላት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን አንድ እርምጃ ወደኋላ አለችና፣ ግራና ቀኟን ቃኘት አደረገች። እንዲህ የምታየው ከሚከታተሏት ሰዎች ፊት ስትሆን ነበር። አሁን ገሠሠ ፊት ቆማ እንደዚያ አየች።

“ደህና ይዋሉ፣ አቶ ገሠሠ፤” አለችው፤ ወደ እስር ቤቱ በሚወስደው መንገድ ሄደች።